ኔትወርክ ሲጠፋም የሚያገለግል የኢሜይል ፕሮግራም

ከመንዝ መሃል ሜዳ የጻፉልን የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ፣ በቢሯቸው ያሉት ሦስት ኮምፒውተሮች አንድ የጂሜይል አድራሻ በጋራ እንደሚጠቀሙ ይነግሩናል። ከዊንዶውስ 10 ጋር የመጣው የኢሜይል ፕሮግራም መሥራት ካቆመ ወዲህ መልእክት የሚያዩት በብሮውዘር ብቻ በመሆኑ፣ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ትናንት የደረሳቸውን የግዥ ሰነድ እንኳ መክፈት አልቻሉም። ክፍያ የማይጠየቅበትና ምንጭ ኮዱ ክፍት ከሆነው ፕሮግራም የትኛው እንደሚሻላቸው ይጠይቃሉ።

የቀድሞው ፕሮግራም የቆመው ኮምፒውተርዎ ተበላሽቶ ሳይሆን ማይክሮሶፍት ድጋፉን በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ስላቋረጠ ነውና እሱን በማስጠገን ጊዜዎን አያባክኑ። ለእርስዎ ቢሮ የምመርጠው ተንደርበርድን ነው። ተንደርበርድ ፋየርፎክስ ብሮውዘርን ከሚሠራው ከሞዚላ የወጣ፣ የመጀመሪያ ሙሉ እትሙ በ2004 እ.ኤ.አ. የተለቀቀ፣ ዛሬም በዋናነት በተጠቃሚዎች መዋጮ የሚተዳደር ፕሮግራም ነው፤ በዊንዶውስም ሆነ ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሆነው በሊነክስ ስለሚሠራ ነገ አንዱን ኮምፒውተር ወደ ሊነክስ ቢቀይሩ ሠራተኛው እንደ አዲስ መልመድ አይኖርበትም። ኤቮሉሽን የተባለው ሌላው የኢሜይል ፕሮግራም ጥሩ ቢሆንም የተሠራው ለሊነክስ ነው። ክላውስ ሜይል የተባለው ሦስተኛው ፕሮግራም ደግሞ አቅሙ በደከመ ማሽን ላይ እጅግ ፈጣን ነው፤ ሆኖም የሚጽፈው ተራ ጽሑፍ ብቻ ሲሆን ከጂሜይል ጋር ማገናኘቱም ልምድ ለሌለው ሰው አድካሚ ነው።

ከምርጫው ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን አሞላሉ ነው። አካውንቱን ሲያስገቡ መልእክት ከሚመጣባቸው ሁለት መንገዶች አይማፕ የሚለውን ይምረጡ፣ ፖፕ የሚለውን ይተዉት። በአይማፕ ዋናው መልእክት ሰርቨሩ (የጉግል ኮምፒውተር) ላይ ስለሚቆይ አንዱ ባልደረባ ያነበበውን ወይም የመለሰውን ሌሎቹም እንደዚያው ያዩታል። በፖፕ ግን እያንዳንዱ ማሽን የየራሱን ቅጂ ይዞ ይቀራል፤ አንዱ የመለሰለትን ደንበኛ ሌላው ሳያውቅ እንደገና ይመልስለታል። የይለፍ ቃሉን የሚያስገቡት ተንደርበርድ በሚከፍተው የጉግል መስኮት ውስጥ ነው።

ቀጥሎ በአካውንቱ ሴቲንግ ውስጥ ሲንክሮናይዜሽን ኤንድ ስቶሬጅ ወደሚለው ይግቡና መልእክቶቹ በኮምፒውተሩ ላይ እንዲቀመጡ መታዘዙን ያረጋግጡ፤ ለጊዜው የቅርብ 30 ቀኖቹ ብቻ እንዲወርዱ ማድረግም ይቻላል። እዚያው አድቫንስድ የሚለውን ሲጫኑ የፎልደሮች ዝርዝር ይመጣል። ጂሜይል ኢንቦክስ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን መልእክት ኦል ሜይል በሚባለው ፎልደርም ስለሚያሳይ፣ ሁለቱም ምልክት ከተደረገባቸው አንዱ ሰነድ ሁለት ጊዜ ይወርዳል። በሞባይል ጥቅል ለሚሠራ ቢሮ ይህ ከባድ ኪሳራ ስለሆነ ከኦል ሜይል ላይ ምልክቱን ያንሱ። አርካይቭ የተደረገ (ሳይሰረዝ ከኢንቦክስ የወጣ) መልእክት ግን የሚገኘው እዚያ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ያለ ኔትወርክ የሚፈልጉትን ሰነድ አርካይቭ አያድርጉት።

ስለ መብራት መቆራረጥም አንድ ነገር ልጨምር። ተንደርበርድ በተለመደው አሠራሩ የአንድ ፎልደርን መልእክቶች በሙሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል፤ የተሰረዙት መልእክቶች ከፋይሉ የሚወጡትም ፋይሉ ኮምፓክት ሲደረግ፣ ማለትም ሲጠበብ ነው፤ በዚህ መሃል መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ኢንቦክሱ ከመጠን በላይ እንዳይተልቅ በዓመት ወይም በሥራ ዘርፍ እየከፈሉ ወደ ሌላ ፎልደር ያዛውሩ፤ ኮምፓክት ሲያደርጉም መብራት ይጠፋል ተብሎ በማይጠረጠርበት ሰዓት ይሁን። ፎልደሩ ቢበላሽ በስሙ ላይ በቀኝ አዝራር ተጭነው ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሪፔር ፎልደር የሚለውን ይጫኑ፤ አይማፕ ከሆነ ከሰርቨሩ እንደገና ያወርደዋል። የአማርኛ ፊደል አራት ማዕዘን ሆኖ ከታየዎት ደግሞ በፎንት ሴቲንጉ ኢትዮፒክ የሚለውን መርጠው በዊንዶውስ ላይ ያለውን ኢብሪማ ይስጡት።

ይህን ሁሉ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይሥሩት። መልእክቶቹ ወርደው ሲያልቁ ኔትወርኩን ራስዎ ያቋርጡና ያንን የግዥ ሰነድ ይክፈቱ፤ መልስም ጽፈው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢንተርን በአንድነት ይጫኑ። መልሱ አውትቦክስ ውስጥ ገብቶ ይጠብቃል፤ ኔትወርኩ ሲመለስ ፋይል ከሚለው ውስጥ ሴንድ አንሴንት ሜሴጅስ የሚለውን በመጫን ይልኩታል። ሰነዱ ከተከፈተና መልሱ ከሄደ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ኮምፒውተር በዚሁ መንገድ ይሙሉ።