ለድመትሽ የቅርቡ ሐኪም ወይስ የሩቁ?

ለድመቴ የቅርቡን የእንስሳት ሐኪም ልያዝ ወይስ የሩቁን ብለሽ ጠይቀሽኛል፤ የሩቁን ያዢ። እንደጻፍሽው የቅርቡ ሐኪም ድመቱን በወጉ ሳያይ መርፌ የሚወጋ ከሆነ፣ ዋጋው ቢረክስም ኋላ ያስወጣሻል።

ጥሩ ሐኪም መጀመሪያ ይጠይቃል፦ ምን ይበላል? መቼ ሸና? ምን ምን ተከትቧል? ከዚያ ይመዝነዋል፤ የመድኃኒቱ መጠን የሚሰላው በክብደት ነዋ። ሙቀቱን ይለካል፣ ድዱን ያያል፣ ሆዱን ይዳስሳል። ይህን ሁሉ ዘሎ አንቲባዮቲክ ካዘዘ "ለምን በሽታ ነው?" በይው። ጥያቄ የሚያናድደው ሐኪም ይቅርብሽ።

የመጀመሪያውን ቀጠሮ ድመቱ ደህና እያለ አድርጊው፤ ለክትባት ወይም ለምርመራ ብቻ። ያኔ አያያዙንም ታያለሽ። የፈራ ድመትን በኃይል ከመጫን ይልቅ በፎጣ ጠቅልሎ ቀስ ብሎ የሚያይ ከሆነ፣ ሰውየው ሥራውን ያውቃል ማለት ነው።

የቅርቡን ሐኪም ስልክ ቁጥር ግን አታጥፊው። ወንድ ድመት ሽንት እንቢ ካለው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ያን ጊዜ ምርጫ የለም፣ ወደሚቀርበው መሮጥ ነው።

ከልምዴ አንድ ነገር ልጨምር። ማታና በበዓል ስልክ ማን እንደሚያነሳ ካሁኑ ጠይቂ። ክሊኒኩ ሲዘጋ ምክር የሚሰጥ አይጠፋም፤ እኔንም "ትንሽ ፓራሲታሞል ስጪው" ብለውኛል። እንዳትሞክሪው! ለድመት መርዝ ነው፣ አንዲት ክኒን ልትገድለው ትችላለች።