ጉድጓዱንና ቧንቧውን ቀላቅዬ ናይትሬቱ ለምን አልወረደም?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። የግቢዬን ጉድጓድ ከቧንቧ መስመር ጋር በአንድ ቲ (ሦስት አፍ ባለው የቱቦ መገጣጠሚያ) አገናኝተን ግማሽ በግማሽ ወደ ሮቶ እንሞላለን። ሳስመረምር ናይትሬቱ (ከፍሳሽና ከማዳበሪያ ወደ ውሃ የሚገባው ጨው) በሊትር ጉድጓዱ 90 ሚሊግራም፣ ቧንቧው 30፣ ሮቶው ግን 80 ሆነ። ፓምፑ ሲነሳ የውሃ ቆጣሪው ይቆማል፤ አንዳንዴም ወደኋላ ይዞራል። ቤት ውስጥ የአራት ወር ሕፃን አለ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሮቶው ውሃ ለሕፃኑ ወተት መበጥበጥ ዛሬውኑ ይቁም። አፍልቼ ነው የምሰጠው ብለህ አትጽናና። ናይትሬት በማፍላት አይጠፋም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም መጠኑ ይጨምራል። ከስድስት ወር በታች ባለ ልጅ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ከጠቆረ ወደ ሐኪም ቤት ሩጥ።

ቆጣሪው ወደኋላ ይዞራል ስትል ነገሩ ገባኝ። የፓምፑ ግፊት ከመስመሩ ስለሚበልጥ በተነሳ ቁጥር የቧንቧውን ውሃ ያግደዋል። ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቼክ ቫልቭም አልዘጋ ብሏል፤ ስለዚህ የጉድጓድህ ውሃ ወደ ሰፈሩ መስመር እየገባ ነው። የጎረቤትም ሕፃን ይጠጣዋል! ፓምፕን ከሕዝብ መስመር ጋር በቲ አስሮ የሚሄድ ሰው ያናድደኛል። እነዚያ ስፕሪንጋቸው የሳሳ ርካሽ ቼክ ቫልቮችም ለድሬ ውሃ አይሆኑም፤ ጀበና ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ኖራ መዝጊያቸው ላይ ይጋገርና ክፍት ይቀራሉ።

ምን ያህል እንደተቀላቀለ ቁጥሮችህ ይናገራሉ። በ90 እና በ30 መካከል ያለው ልዩነት 60 ነው። ሮቶው ከ90 የወረደው በ10 ብቻ ነው። 10 ከ60 አንድ ስድስተኛ ነው፤ ስለዚህ ከስድስት ሊትር የቧንቧው አንድ ሊትር ብቻ ነበር። ግማሽ በግማሽ ቢሳካልህ እንኳ 60 ይሆን ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ ደግሞ 50 ነው። 45 ላይ ለማድረስ አንድ እጅ ጉድጓድ ለሦስት እጅ ቧንቧ ያስፈልጋል። አስላው፦ 250 ሊትር በ90 ሲባዛ 22,500፤ 750 ሊትር በ30 ሲባዛም 22,500። ድምሩ 45,000፤ ለ1,000 ሊትር ሲካፈል 45።

ቲውን ቁረጠውና የመስመሩን ጫፍ በታፓ ድፈነው፣ ቫልቭ ዘግቼ እተወዋለሁ አትበል። ሁለቱም ቱቦዎች ለየብቻ ከሮቶው አናት ይግቡ፤ አፋቸው ከውሃው በላይ ተንጠልጥሎ ይቅር እንጂ አይጥለቅ። በ20 ሊትር ጀሪካን አሥራ ሁለት ተኩል ጊዜ ለክተህ የ250 ሊትሩን ከፍታ ሮቶው ላይ ምልክት አድርግ። መጀመሪያ ጉድጓዱን እስከ ምልክቱ፣ ከዚያ ቧንቧውን ከላይ እየወረደ እስከ 1,000 ሙላ። ውሃው በፈረቃ ከሆነ ለቧንቧው ሌላ ሮቶ ይኑርህ፤ ሳይሞላ ከቀረ አትቅዳ።

የምርመራ ወረቀቱ «እንደ ናይትሮጅን» የሚል ከሆነ የተለካው ናይትሬቱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ብቻ ስለሆነ ቁጥሮቹን በ4.4 አባዛቸው፤ ያኔ ቧንቧውም ከጣሪያው በላይ ነው፣ ቅልቅልም አይረዳህም። ቅልቅል ጀርምም አይገድልም፤ ክሎሪን የግድ ነው። ከዝናብ በኋላ ጉድጓዱን እንደገና አስመርምር።

45 ቢደርስም ለሕፃኑ ከቅልቅሉ አትስጠው፤ ወረቀቱ «እንደ ናይትሮጅን» ካላለ ከቧንቧው ለብቻ ቀድተህ ጀርሙን ለመግደል ያህል ብቻ አፍላለት።