ከትንንሽ ልጆች ጋር አትላንቲክን በሸራ ጀልባ፦ ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እንግሊዝ ነው የምትኖሩት። የ4 እና የ7 ዓመት ልጆች አሏችሁ። ያገለገለ ባለ ሸራ ጀልባ ገዝታችሁ ከሳውዝሃምፕተን እስከ ካሪቢያን ለአንድ ዓመት መሄድ አስባችኋል። ባሕር ላይ የወጣችሁት ግን ከዶቨር ካሌ በፌሪ ብቻ ነው። «አብደናል እንዴ?» ብለሻል። አላበዳችሁም። እኛም በዚሁ መንገድ ሄደናል፤ ልጆቻችን ያኔ ከእናንተዎቹ ብዙም አይበልጡም ነበር።

ሰው ሁሉ የሚጠይቅሽ ስለ ማዕበል ነው። ማዕበል ያስፈራል፣ ግን በአብዛኛው ትንበያ አይተሽ፣ ቀን መርጠሽ የምታልፊው ነገር ነው። እኔ የምፈራላችሁ እንቅልፍ ማጣትን ነው። ውቅያኖስ መሀል ጀልባ አቁሞ መተኛት የለም። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሌሊቱን ሙሉ ውጭ ሆናችሁ መርከብ እንዳይመጣባችሁ ማየት አለባችሁ። በየሦስት ሰዓቱ ትቀያየራላችሁ። ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ቀን ላይ ተራ በተራ ተኝተው ያካክሱታል። አንቺ ግን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተራሽን ጨርሰሽ ገና ጋደም ከማለትሽ ትንሹ «እማዬ ራበኝ» ብሎ ይነሳል። በአራተኛው ቀን ባለቤትሽ «እስቲ ሸራውን ትንሽ ቀንሺው» ሲልሽ የሰደበሽ ይመስልሻል። የልጆቹን ነገር አታስቢ፣ እነሱ ድብን አድርገው ይተኛሉ።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ለረጅሙ ጉዞ ሦስተኛ ትልቅ ሰው ያዙ። ባሕር የሚያውቅ ከሆነ እሰየው። ካልሆነም ጤነኛ፣ ቀልድ የማይከብደውና ልጅ መያዝ የሚችል ሰው ይበቃል። እኛ የባለቤቴን ወንድም ይዘን ነው የተሻገርነው። ደግሞ አንዳንድ ኢንሹራንስ ሁለት አዋቂ ብቻ ይዞ ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ ጀልባ ዋስትና አይሰጥም፤ ጀልባውን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ትምህርቱ እንደምታስቢው ከባድ አይደለም። አር ዋይ ኤ የሚባለው የእንግሊዝ የጀልባ ማኅበር ለጀማሪ የ5 ቀን ኮርስ አለው። ቀጥሎ የራስን ጀልባ ለመምራት የሚያበቃው ደግሞ ሌላ 5 ቀን ነው፣ ንድፈ ሐሳቡ ለብቻ ሆኖ። ሁለታችሁም ውሰዱት። ባልየው ብቻ አውቆ ሚስት ተሳፋሪ የምትሆንበት ጀልባ አደገኛ ነው፤ እሱ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ማን መልሶ ያወጣዋል? ከዚያ አንድ ክረምት ሙሉ ቅዳሜና እሁድን በሳውዝሃምፕተንና በዋይት ደሴት መካከል አሳልፉ። ብርድና ዝናብ ባለበት ጠባብ ጓዳ ውስጥ ተጨናንቃችሁ ካልተጣላችሁ ካሪቢያን አያጣላችሁም።

መንገዱን ባጭሩ ልንገርሽ። ከእንግሊዝ ወጥታችሁ የቢስኬይን ባሕረ ሰላጤ ወደ ሰሜን ስፔን ትሻገራላችሁ። ከዚያ በፖርቱጋል ዳርቻ ወርዳችሁ ካናሪ ደሴቶች ትደርሳላችሁ። ከ2020 ወዲህ በስፔንና በፖርቱጋል ዳርቻ ኦርካ የሚባሉት ትልልቅ የባሕር እንስሳት ጀልባውን የሚያዞረውን፣ ከውሃ በታች ያለውን መሪ እየመቱ ይሰብራሉ፤ የሰመጡ ጀልባዎችም አሉ። እዚያ ጥልቅ ውሃውን ትቶ ወደ ዳር መጠጋት ይመከራል። ካናሪ ካለው የላስ ፓልማስ ወደብ እስከ ካሪቢያኗ ሴንት ሉሲያ 2,700 ኖቲካል ማይል (የባሕር ማይል) ገደማ ነው፤ በሰዓት 5 ማይል ብትሄዱ ከ22 ቀን በላይ ይፈጃል። ሀሪኬን የሚባለው የካሪቢያን ከባድ አውሎ ነፋስ ወቅት ከሰኔ እስከ ኅዳር በፈረንጆቹ ስለሆነ አብዛኛው ሰው የሚነሳው ኅዳር መጨረሻ ወይም ታኅሣሥ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን ላስ ፓልማስ ልጆች በያዙ ጀልባዎች ይሞላል። የእኛዎቹ እዚያ ያገኟቸውን ጓደኞች ባርቤዶስ ድረስ ሲፈልጓቸው ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የፓስፖርት ጉዳይ አለ። የእንግሊዝ ፓስፖርት ያለው ሰው ሸንገን ውስጥ (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ባነሱት የአውሮፓ አገሮች) በ180 ቀን 90 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። የፖርቱጋሏ ማዴራ ደሴትም የስፔን የሆኑት ካናሪ ደሴቶችም ሸንገን ናቸው። በሐምሌ ስፔን ከገባችሁ በጥቅምት ቀናችሁ ያልቃል፣ ወደ ካሪቢያን የሚገፋችሁ ነፋስ ግን ገና ነው። ወይ ዘግይታችሁ ተነሱ፣ ወይ ሞሮኮ ላይ ቆይታችሁ ተመለሱ። ባለቤትሽ እስካሁን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የያዘው ብለሻል፤ እሱ ከመነሳቱ በፊት ቪዛ ያስፈልገዋል። የካሪቢያን ደሴቶቹ ማርቲኒክና ጓዴሎፕ የፈረንሳይ ቢሆኑም ሸንገን ውስጥ ስላልሆኑ ለእነሱ ለብቻው ይጠይቅ።

ስለ ደህንነት ልጆቹ የሚያውቁት ሕግ አንድ ብቻ ይሁን፦ ከጓዳው በር ከማለፍ በፊት ላይፍ ጃኬት ይለበሳል፣ ከጀልባው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያም ይቆለፋል። ባሕሩ ጸጥ ቢልም፣ ለደቂቃም ቢሆን፣ እናንተም ጭምር። ሌሊት ከጀልባው ጫፍ ቆሞ ሽንት መሽናት ለወንዶቹ የተከለከለ ነው። ዙሪያውን ባለው ሽቦ ላይ መረብ ወጥሩ፤ አሻንጉሊትም ያድናል። ለማቅለሽለሽ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ናቸው ክፉዎቹ። ልጅ የጀልባው መሀል ወለል ላይ ቢተኛ ይሻለዋል፣ መወዛወዙ እዚያ ያንሳል። ሲናሪዚን የሚባለው መድኃኒት ከ5 ዓመት በታች አይሰጥም፣ ለትንሹ ፋርማሲስት አማክሪ።

ምግብ ላይ እኛ ሐበሾች ፈረንጆቹን እንበልጣለን። ምጥን ሽሮ ለባሕር የተፈጠረ ነው፤ ሽንኩርት መክተፍ የለ፣ ፍሪጅ የለ። ጥልቅ ድስት ያዢ፣ ግማሹን ብቻ ሙዪ፣ በምድጃው መያዣ ቆልፊው። ስታበስዪ ቀሚስ ሳይሆን ወፍራሙን የዝናብ ሱሪ ልበሺ፤ ሽሮ ሲንተከተክ ጀልባው ካዘነበለ እግርሽ ላይ ነው የሚመጣው። ቋንጣና ድርቆሽ እርጥበት እንዳያገኛቸው በሚታሸግ ዕቃ ይግቡ። ማዕበል ሲሆን በሶ በስኳር በጥብጠሽ ስጫቸው። ውሃ ለሰው በቀን 3 ሊትር አስቢ፤ ለአምስት ሰው ለአንድ ወር 450 ሊትር ነው።

ትምህርት ቤት በእንግሊዝ ችግር አይደለም። ለርዕሰ መምህሩ ልጁን ቤት እንደምታስተምሩት በጽሑፍ ታሳውቃላችሁ፤ ስትመለሱ ግን ቦታው ላይጠብቃችሁ ይችላል። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ሒሳብና ንባብ፣ ከቁርስ በኋላ። ፊደልም በዚያው ጨረስን። የቀረው ሰዓት ራሱ ያስተምራል፤ የእኔ ልጅ ጠዋት ጠዋት ሌሊት ጀልባው ላይ ወድቀው የሞቱትን በራሪ ዓሦች ሲቆጥርና ክንፋቸውን ዘርግቶ በማስመሪያ ሲለካ ነበር የሚውለው።

ለቤተሰብ መንገሩ ያስቸግራል። እናቴ «ሰው ነፍሱን ለማዳን ባሕር ይገባል፣ እናንተ ደግሞ ለመዝናናት» ብላ ለሳምንታት አላናገረችኝም። አልፈረድኩባትም፣ በየመንና በሊቢያ በኩል ስንቱን አጥተናል። ያረጋጋት ክርክር ሳይሆን ቦታችንን በየቀኑ በስልክ የሚያሳያት የሳተላይት መሣሪያ ነው። ለእናትሽም አንዱን ግዢ፤ ባትሪው ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ግን አስቀድመሽ ንገሪያት።