አዲሷ ሳይክሌ ተላጠችብኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ዓመት ቆጥቤ ባለፈው ወር አዲስ አበባ ሄጄ ሳይክል ገዛሁ። ጥቁር አረንጓዴ ናት። ባሕር ዳር ያመጣኋት ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭኜ ነው። ረዳቱ ከአንድ የብረት አልጋ ጋር በገመድ ጠፍሮ አሰራት። ሳወርዳት የላይኛው ብረት ላይ የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል ቦታ ቀለሙ ተልጦ ውስጡ ያብለጨልጫል። ሌላም ሦስት አራት ጭረት አለባት። አንድ የመኪና ቀለም ቀቢ «ሙሉውን ልቀባልህ፣ አዲስ ትሆናለች» ብሎኛል። ባየኋት ቁጥር ስለሚከፋኝ እስካሁን አልነዳኋትም። ምን ይመክሩኛል?
ሆዱ ያረረ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ልጄ፣ ዓባይ በረሃን ከብረት አልጋ ጋር ተቃቅፋ ወርዳ ወጥታ በዚህ ብቻ መትረፏ ራሱ ተመስገን ነው። አልስቅብህም ግን። ጎማው ፈንድቶበት እየሳቀ የሚመጣ ደንበኛ አውቃለሁ። አዲስ ሳይክሉ ተጭሮበት የሳቀ ግን አንድም አላየሁም።

ቀለም ቀቢውን አመስግነህ ሸኘው። ይህን የምልህ ራሴ ስላጠፋሁ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ሰው ትንሽ የተላጠች ቀይ ሳይክል አመጣልኝ። እኔ ደግሞ ጉራዬ! ሙሉውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ በመኪና ቀለም ነፋኋት። መስታወት መሰለች። ወር ሳይሞላ የኮርቻው ማሰሪያ አካባቢ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳ ጀመር። ፔዳሉ የሚሽከረከርበት ቤት ውስጥ ያለውንም ጥርስ ቀለም ሞልቶት ብሎኑ አልገባ አለ። ከሁሉ የባሰው በኋላ መጣ። ሳይክሏ ተሰርቃ ፖሊስ ጣቢያ ስትገኝ ሁለት ሰው «የኔ ናት» አለ። ከሥር የተመታው የሳይክሏ መለያ ቁጥር በቀለሜ ተደፍኗል። በምላጭ ስፍቅ ዋልኩ። አንተም ዛሬውኑ ሳይክልህን ገልብጠህ ያንን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፈው። አብዛኛውን ጊዜ ከፔዳሉ ቤት ሥር ነው የሚገኘው።

አሁን ወደ ቁስሏ። መጀመሪያ እኛ የድሮ ሰዎች ቴላዮ የምንለውን ዋናውን አካል በደንብ እየው። መሪው ከሚቆምበት አንገት ሥር፣ ብረቶቹ ከተበየዱበት አጠገብ፣ ቀለሙ ተሸብሽቦ ወይም በቀለበት መልክ ተሰንጥቆ ካየህ ነገሩ የቀለም አይደለም። ብረቱ ታጥፏል ማለት ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ሳያየው አትንዳ። የተሰረጎደ ቦታም ካለ እንደዚያው። ይህ ሁሉ ከሌለ ተንፍስ።

ቀጥሎ ማግኔት ፈልግ። እኔ የምጠቀመው ከተበላሸ ስፒከር ያወጣሁትን ነው። ከተጣበቀ ቴላዮው ብረት ነው፤ ይዝጋል። በክረምት ለጥቂት ቀን ዝናብ ካገኘው የተላጠው ቦታ ቡና ቀለም ይይዛል። ካልተጣበቀ ምናልባት አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም አየር ሲያገኘው ራሱ ስስ ሽፋን ስለሚያበጅ እንደ ብረት አይበላም። ለእሱ ቀለም የምትቀባው ለዓይንህ ብለህ ነው።

ቀጫጭኖቹን ጭረቶች በጥፍርህ ፈትሻቸው። ጥፍርህ ካልተያዘባቸው ላይ ላዩን ናቸውና የመኪና ፖሊሽ በለስላሳ ጨርቅ ስታሽበት አብዛኞቹ ይደበዝዛሉ።

የተላጠውን ግን በትዕግሥት ነው። በሳሙና እጠበው፣ በደንብ አድርቀው፣ ከዚያ ከፋርማሲ በምትገዛው አልኮል ጥረገው። አሴቶን እንዳትነካ! ጤነኛውንም ቀለም ይዞት ይሄዳል። ዝገት ከጀመረው ቁጥር 600 ብርጭቆ ወረቀት በእርሳስ ላጲስ ጫፍ ላይ ጠቅልለህ እዚያችው ነጥብ ላይ ብቻ እሸው። ብረት ከሆነ አንድ ጠብታ ፀረ ዝገት ቀለም አስቀድምና እስከ ማግስቱ ተወው።

ከዚያ ኪዩቴክስ። አዎ፣ የሴቶች የጥፍር ቀለም። ቶሎ ይደርቃል፣ በትንሽ ብልቃጥ ይሸጣል፣ የማይገኝ የቀለም ዓይነትም የለም። ከብልቃጡ ጋር የሚመጣው ብሩሽ ለዚህ ሥራ ወፍራም ስለሆነ በስቴኪኒ ጫፍ እየነካህ አስቀምጠው። አንዴ ወፍራም አድርገህ ከምትደፋ ሦስት ጊዜ ስስ አድርገህ ቀባ። በየመሃሉ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። ፀሐይ ላይ አትሥራ፤ አረፋ ያወጣል። ከሳምንት በኋላ እብጠቱ ካስጠላህ ቁጥር 2000 ወረቀት ውኃ ነክረህ በቀስታ አስተካክለው። በመጨረሻ ቀለም የሌለውን፣ የሚያብረቀርቀውን ኪዩቴክስ ደርብበት። ቅርብ ሆኖ ለሚያይ ሰው ያስታውቃል፤ አልዋሽህም። ሁለት ሜትር ርቆ የቆመ ግን አያገኘውም።

እግረ መንገድህን የፍሬን ሽቦው አንገቷን የሚነካበት ቦታ ላይ ግልጽ ፕላስተር ለጥፍ። ካለበለዚያ ረዳቱ የጀመረውን ሽቦው ይጨርሰዋል። ሰንሰለቱ የሚመታውን የኋላ ብረት በአሮጌ ከመነዳሪ የሚጠቀልሉ አሉ። ጥሩ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ግን ከሥሩ ውኃ ይይዛልና በክረምት እየፈታህ አድርቀው።

ሌላ ጊዜ በጣራ የምትጭን ከሆነ ካርቶን አልብሳት፣ ገመዱንም ራስህ እሰር። ለረዳቱ ጉርሻ ብትሰጥም እሰር።

አረንጓዴውን ኪዩቴክስ ልትመርጥ ስትሄድ ፎቶ አይበቃህም፣ ሳይክሏን ራሷን እየገፋህ ሂድ። ሱቅ ውስጥ ሳይሆን በረንዳ ላይ፣ በቀን ብርሃን አስተያየው። ሻጯ ለማን እንደምትገዛ ትጠይቅሃለች። እኔ «ለልጄ» ነበር የምለው።