ስለ አየር ጥራት መለኪያ የጠየቃችሁኝን እንደመጣልኝ ስመልስ

እሺ ጀመርን። ለማታውቁኝ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የአየር ጥራት መለኪያ መትከልና መጠገን ስራዬ ነው፣ ከውዶቹም ከርካሾቹም ጋር ታግያለሁ። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ፐርፕል ኤር (ርካሹን የብናኝ መለኪያ) በረንዳ ላይ ሰቅዬ ጠዋት ጠዋት ቁጥሩ ጣሪያ ይነካል፣ ከሰዓት ይወርዳል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ተደራርቦብህ ነው። አንደኛው እውነት ነው፣ በተለይ በበጋ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ብርዱ አየር መሬት ላይ ይተኛል፣ ከላይ ያለው ሞቅ ያለው እንደ ክዳን ይሆንበትና የማገዶውም የመኪናውም ጭስ መውጫ ያጣል፣ ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው ድረስ በቃ እዛው ነው። ሁለተኛው ግን የመሳሪያው አመል ነው። ይሄ ነገር እኮ ብናኙን አይመዝንም፣ ሌዘር አብርቶ የሚበተነውን ብርሃን አይቶ ነው የሚገምተው፣ እርጥበት ሲበዛ ብናኙ ውሃ ይጠጣና ያብጣል፣ ያበጠው ደግሞ ብዙ ብርሃን ስለሚበትን ቁጥሩ ይጋነናል። በክረምት ጉም ባለበት ጠዋት ይብስበታል። የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት ኢፒኤ ማስተካከያ ቀመር አለው፦ መሳሪያው ሲኤፍ 1 ብሎ የሚሰጥህን ንባብ በ0.524 አባዛ፣ የእርጥበቱን ፐርሰንት በ0.0862 አባዝተህ ቀንስለት፣ 5.75 ደምር። 60 ቢልህና እርጥበቱ 80 ቢሆን ወደ 30 ይወርዳል፣ ግማሽ በግማሽ ማለት ነው። ግን ቀመሩ የወጣው በአሜሪካ አየር ነው፣ የኛ የማገዶ ጭስ የራሱ ፀባይ ስላለው ከጥሩ ማሽን ጎን ሁለት ሳምንት አስቀምጠህ የራስህን ብታወጣ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ግራፉ ላይ ጭሱ የሚበዛው 04:00 ላይ ነው ይላል። ሌሊት 10 ሰዓት ማን ያጨሳል?

መልስ፦ ሃሃ፣ እሱ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ነው። ከዩቲሲው 3 ቀንስ የኛ አቆጣጠር ይመጣልሃል፣ 04:00 ማለት ጠዋት 1 ሰዓት ነው። በዚህ ነገር ሪፖርት የተበላሸበት ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ የት ልትከለው?

መልስ፦ አንዴ ጣሪያ ላይ ተክለን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ቁጥሩ ይጮሃል፣ ሴንሰር ቀየርን፣ ገመድ ቀየርን፣ ምንም የለም፣ ለካ ከግድግዳው ጀርባ ጎረቤት እንጀራ የምትጋግርበት ቀን ኖሯል! ስለዚህ መጀመሪያ ዙሪያህን ዞረህ እይ። ማድቤት፣ ጄኔሬተር፣ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ጥግ ካለ ራቅ። ፀሐይ የሚጠብሰው ቆርቆሮ ላይ አትለጥፈው፣ አየር ከየአቅጣጫው ይድረሰው።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው የሚፀዳው? በአልኮል ልጥረገው?

መልስ፦ ኧረ በፍፁም! አልኮልም ውሃም ወደ ውስጥ አይግባ። መብራቱን ነቅለህ በእጅ የሚጨመቅ ንፋስ መንፊያ ለስለስ አድርገህ ንፋው፣ የሸረሪት ድሩን በብሩሽ አውጣ። ፐርፕል ኤር ውስጥ ሁለት ሴንሰር አለ፣ ኤ እና ቢ፣ የሁለቱ ቁጥር ከተራራቀ አንዱ ታሟል ማለት ነው። ፋኑ መንጫጨት ከጀመረ ሴንሰሩን ቀይረው፣ አትልፋ። ሌላ ደግሞ፣ የመንገድ ስራ አቧራን በሱ ለካሁ ብለህ እንዳትከራከር፣ ተለቅ ተለቅ ያለውን ብናኝ በደንብ አያየውም፣ ፒኤም 10 (እስከ 10 ማይክሮሜትር ያለው ብናኝ) ብሎ የሚሰጥህ ቁጥር አይታመንም።

ጥያቄ፦ መሳሪያው 12 ይላል፣ ስልኬ 56። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም እህቴ። 12ቱ ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነው፣ 56ቱ የአሜሪካ ኤኪውአይ (የአየር ጥራት ደረጃ ቁጥር) ነው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ከተሻሻለ ወዲህ 12 ማይክሮግራም 56 ይሆናል። ለማወዳደር ማይክሮግራሙን ያዢ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለደቃቁ ብናኝ (ፒኤም 2.5) ያወጣው ገደብ የዓመት አማካይ 5፣ የ24 ሰዓቱ 15 ነው።

ጥያቄ፦ እማዬ ቤት ውስጥ ከሰል ታቀጣጥላለች፣ መለኪያው ግን አረንጓዴ ነው። ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ አለው! የፒኤም (የብናኝ) መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን ጨርሶ አያየውም። ከሰሉ ፍም ሲሆን ጭሱ ስለሚቀንስ ቁጥሩ ያምራል፣ ገዳዩ ጋዝ ግን ያኔም ይወጣል፣ ሽታም ቀለምም የለውም። ከሰሉን ውጪ አቀጣጥላ ውጪ ትጨርስ፣ ቤት አስገብታ በር ዘግታ እንዳትተኛ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ወዲያው ከቤት ውጡ። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ለብቻው ይሸጣል፣ እሱም ጊዜው ያልፍበታል፣ ጀርባውን እዩ።

ጥያቄ፦ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያዬ ውጪ ሳወጣው 320 ይላል። አየራችን ንፁህ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ብትሆን ደስ ባለኝ። የትም ሀገር ውጪ ከ420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 420) አካባቢ ብዙ አይወርድም። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ከባህር ዳርቻው ሶስት አራተኛ ገደማ ነው፣ መሳሪያው ደግሞ የሚያየው ሞለኪውሉን ስለሆነ ያንሰዋል። ሴቲንግ ውስጥ ከፍታውን አስገባለት። ራሱን በራሱ የሚያስተካክለው አይነት ከሆነ በሳምንት አንዴ ንፁህ አየር ይንካ፣ አለዚያ የታፈነ ቢሮህን ንፁህ ነው ብሎ ይለምዳል።

ጥያቄ፦ መስሪያ ቤታችን ባም 1020 (ብናኙን ቴፕ ላይ ሰብስቦ የሚለካው ውዱ ማሽን) አለ፣ ቁጥሩ ይዘላል።

መልስ፦ ቴፑን አውጥተህ ነጥቦቹን እያቸው። ክቡ ጥርት ያለ ጠርዝ ካለው ደህና ነው፣ ጠርዙ ከደበዘዘ አየር ያስገባል፣ ኖዝሉን (ቴፑ ላይ የሚጫነውን አፍ) እና ቴፑ የሚያርፍበትን ወንፊት አፅዳ፣ ከዛ የሊክ ቴስት (አየር ያስገባ እንደሆነ ማረጋገጫ) ስራ። ፍሰቱ 16.7 ሊትር በደቂቃ መሆኑንም አረጋግጥ። ቴፑ ሁለት ወር ገደማ ነው የሚቆየው፣ መለዋወጫው እስኪመጣ ስለሚያስለቅስ አስቀድማችሁ እዘዙ። መብራት ብልጭ ድርግም ካለም ያ ሰዓት ይሄድብሃል፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ህዳር 12 ላይ የወጣውን ቁጥር ስህተት ነው ብዬ ልሰርዘው?

መልስ፦ እንዳትሰርዘው! ህዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል መሳሪያው ያየውን ነው የፃፈው። ጎኑ ላይ ማስታወሻ ጻፍበትና ተወው።