ሊብሬው ሌላ፣ መኪናዋ ሌላ እንዳትሆን፦ ስለ ሴሊካ ግዢና ማሻሻያ የቀረበ ጥያቄና ምላሹ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። እ.ኤ.አ. የ2001 ሥሪት ቶዮታ ሴሊካ፣ ማንዋል ካምቢዮ፣ ኮድ 2፣ ለመግዛት በዋጋ ተስማምቻለሁ። ሻጩ የሊብሬው ባለቤት አይደለም። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፣ እሱ ውክልና ይዟል። «ስም ለማዞር ምን አስቸኮለህ፣ ውክልናውን አስተላልፍልሃለሁ» ይለኛል። 100 ሺህ ብር ቀብድ ጠይቆኛል፣ ውሉ ላይም ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ ብሏል። ከገዛኋት በኋላ እጄ በፈቀደ መጠን ሞላና ሾክ፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ ቀለም፣ በመጨረሻም ሞተሯን በ2ዜድዜድ (ጉልበቱ ከፍ ባለው የሴሊካ ሞተር) መቀየር እፈልጋለሁ። የትኛው ፈቃድ ይጠይቃል? ሞተሯ ችግር ያለባት ሆና ብትገኝስ ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከጻፉልኝ ሁሉ የሚያሰጋው ሞተሩ ሳይሆን ውክልናው ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል (ቁጥር 2226)። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ከሞተ ወይም ችሎታ ካጣ ውክልናው ያበቃል (ቁጥር 2232)። ስለዚህ እርስዎ ሙሉውን ከፍለው፣ ሁለት ዓመት ነድተው፣ ሞተር ለውጠው፣ ቀለም ቀብተው ሳለ ባለቤቱ በሰው አገር ቢያርፍ፣ ወራሾቹ «የአባታችን መኪና» ብለው ሲመጡ በመዝገብ የሚያገኙት ስም የአባታቸው ነው። እርስዎ ደግሞ የሚይዙት ያበቃ ወረቀት ነው። በውክልና ላይ ውክልና መስጠትም በመርሕ ደረጃ የሚቻለው ወካዩ ይህን ከፈቀደ ነው። ነገሩ ለባለቤቱም አይበጅም፤ መኪናዋ ሰው ብትገጭ፣ የነዳት ሌላ ሰው ቢሆንም፣ በቁጥር 2081 መሠረት ኃላፊ የሚሆነው ባለቤቷ ነው፣ ተጎጂም የሚከስሰው ሊብሬው ላይ ያለውን ስም ነው።

ስለዚህ ውክልናውን ለአንድ ነገር ብቻ ይጠቀሙበት፦ ተወካዩ ውልና ማስረጃ ቀርቦ የሽያጩን ውል በእርስዎ ስም እንዲፈርም። ሰነዱ ሰሌዳዋን ጠቅሶ «እንዲሸጥ፣ ዋጋ እንዲቀበል፣ ስም እንዲያዛውር» ማለቱን በዓይንዎ ያንብቡ፤ «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» የሚል ጥቅል ቃል መኪና አያሸጥም። ውጭ አገር የተሰጠ ከሆነ የኤምባሲያችንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫ ኖሮት እዚህ መመዝገብ ይገባዋል። አለመሻሩን ሻጩን ሳይሆን ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቁ።

ባለቤቱ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ፈቃድ ያስፈልጋል። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 213/1992 ነው (ሐረር ላይ ቢሆን ኖሮ የክልሉን ሕግ ማየት ነበረብን)። በቁጥር 68 ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ይጠየቃል። 500 ብር ዛሬ አንድ ጎማ እንኳ እንደማይገዛ አውቃለሁ፤ ሕጉ ግን እንዲያ ይላል። ሳትስማማ የቀረች ሚስት ሽያጩን ባወቀች በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ይፍረስልኝ ማለት ትችላለች (ቁጥር 69)።

ቀብዱን በተመለከተ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ከተወ እጥፍ ይመልሳል (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885)። ስለዚህ ከመንገድ ትራንስፖርት የመኪናዋን ፋይል ሳያዩ ሳንቲም አይስጡ። መስጠት ግድ ከሆነ ደረሰኙ ላይ «እገዳ፣ የባንክ መያዣ፣ ያልተከፈለ ቀረጥ ወይም የሻንሲ ቁጥር ልዩነት ቢገኝ ቀብዱ እንዳለ ይመለሳል» ተብሎ ይጻፍ። አለዚያ እገዳ አግኝተው ቢያፈገፍጉ «አንተ ነህ የተውከው» ይባላሉ።

ዋጋን ዝቅ አድርጎ መጻፍ የሚጎዳው መንግሥትን ብቻ አይደለም። ውሉ ቢፈርስ የሚመለስልዎ ጽሑፉ ላይ ያለው ነው። በቁጥር 2005 የጽሑፍ ውል በተዋዋዮቹ መካከል የተሟላ ማስረጃ ስለሆነ «በእጅ የሰጠሁት ሌላ አለ» ብለው ምስክር ቢደረድሩ ፍርድ ቤቱ ለመስማት ይቸገራል። ሙሉው ዋጋ ይጻፍ፣ ክፍያውም በባንክ ይሁን።

ሰነዱ ይህን ያህል ካስቸገረ መኪናዋ ራሷ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሊኖርባት ይችላል፤ በተለይ እኛ አካባቢ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስለታገደ የስፖርት መኪና ፈላጊ የሚሻማው ቀድሞ የገባውን ነው። በቶጎ ውጫሌ በኩል ሾልኮ የሚገባ እንዳለም የድሬ ሰው አይጠፋውም። ሶማሌላንድ ውስጥ ትራፊኩ በቀኝ ቢነዳም አብዛኞቹ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ነው። እንዲህ ያለችው መኪና እዚህ በተለመደው መንገድ ሊብሬ ስለማታገኝ መሪዋን አዙሮ፣ የሌላ መኪና ሊብሬ አስይዞ መሸጥ ይመጣል። በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ኮንትሮባንድ ዕቃ ይወረሳል፤ መያዝና መግዛትም ያስጠይቃል። የተወረሰች መኪና ውስጥ ያለ ሞላና ቸርኬ አብሮ ይሄዳል።

ይህን ለማጣራት መካኒክዎን ይዘው ኮፋኖውን ያስከፍቱ። የሴሊካ ሻንሲ ቁጥር ከሞተሩ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ተመቶ ይገኛል። ለውጭ ገበያ የተሠራችው 17 ምልክት ያለው ቁጥር ሲኖራት፣ ለጃፓን ገበያ የተሠራችው ግን «ዜድዜድቲ230» ወይም «ዜድዜድቲ231» ብሎ በሰረዝ የሚቀጥል አጭር ቁጥር ነው ያላት፤ እሷ ስትወለድ መሪዋ በቀኝ ነበር። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራችው የ2001 ሴሊካ 10ኛ ምልክቷ «1» ነው፤ 5ኛው ፊደል «አር» ከሆነ ከፋብሪካ የወጣችው ጉልበቱ አነስ ባለው ሞተር በ1ዜድዜድ፣ «ዋይ» ከሆነ በ2ዜድዜድ ነው። ቁጥሩ ዙሪያ የብየዳ ወይም የመፋቂያ ምልክት ካለ ድርድሩን እዚያው ያቁሙ። መሪ የዞረባት መኪና ሌላም ምልክት አላት፦ ግድግዳው ላይ የመሪው ዘንግና የፍሬን ሰርቮ የነበረበት ቀዳዳ በላሜራ ተደፍኖ ይታያል፣ ማታ ግድግዳ ላይ ሲያበሩባትም አጭር መብራቷ በቀኝ ሳይሆን በግራ ወደ ላይ ይሰብራል። የደንገጎን ቁልቁለት በሌሊት ስትወርድ ከፊት ለሚመጣው ሾፌር ምን እንደምታደርግ ያስቡት።

ከዚያ ፋይሉን ከመኪናዋ ጋር ያስተያዩ። ሊብሬው፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑና ብረቱ አንድ ዓይነት ሻንሲና ሞተር ቁጥር መያዝ አለባቸው። ዲክላራሲዮኑ ከቀረጥ ነፃ የገባች መሆኗን የሚያሳይ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ወደ እርስዎ ስም አትዞርም፤ ማን እንደሚከፍል ከውሉ በፊት ይወሰን። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ የሚል ደብዳቤም ያስጽፉ። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ ስለሚመዘገብ ያንንም መዝገብ ማየት ይገባል።

አሁን ወደ ሞተሩ። የ1ዜድዜድ ሞተር፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥሪት፣ ዘይት በመብላት ይታወቃል፦ ፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ በካርቦን ይደፈናሉ፣ ፋሻውም (የፒስተኑ ቀለበት) ይያዛል። ለጥቂት ደቂቃ ቆማ ከሠራች በኋላ ነዳጅ ሲሰጧት ሰማያዊ ጭስ ከተፋች ነገሩ ያ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ይህ «ጉድለት» ሆኖ ያስጠይቃል ወይ ነው። ሻጭ ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያበቃ ጥራት እንዳለው ዋስ ነው (ቁጥር 2287 እና 2289)፤ ገዢ ግን ሲገዛ ያወቀውን ወይም ከባድ ቸልተኝነት ከሌለው ሊያመልጠው የማይችለውን ጉድለት ይዞ መክሰስ አይችልም (ቁጥር 2295)። የደላሎች ውል ላይ ደግሞ ሁልጊዜ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «መኪናዋን ባለችበት ሁኔታ አይቼ፣ ፈትሼና ወድጄ ገዝቻለሁ።» በስተመጨረሻ «በፍ/ሕ/ቁ 1731 እና 2005 የጸና ነው» ተብሎ ይታሰራል። ብዙ ሰው ቁጥሮቹን እንደ ማኅተም ያያቸዋል፤ ክርክሩን የምትገድለው ግን ከላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር ናት። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል መደበቁን ካላስረዱ በቀር (ቁጥር 2296) ዋስትናዎን ፈርመው ሰጥተዋል ማለት ነው።

በእሷ ፈንታ ይህን ያስገቡ፦ «ሻጭ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑን፣ ሞተሩ በ1,000 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ሊትር በላይ ዘይት እንደማይበላ ያረጋግጣል፤ በ30 ቀን ውስጥ ከዚህ የተለየ ቢገኝ የጥገናውን ወጪ ይሸፍናል።» ገለልተኛ ጋራዥ የኮምፕሬሽን ልኬት ወስዶ በጽሑፍ ይስጥዎ፣ ከውሉ ጋር ይያያዝ። ጉድለት ካዩ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ካሳወቁ በኋላ ደግሞ ክሱ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ መብቱ ይቀራል (ቁጥር 2298)። ስም ለማዞር የማይተባበር ሻጭም ስላለ በቁጥር 1889 መሠረት ገደብ (ውሉን ያላከበረ ወገን የሚከፍለው አስቀድሞ የተወሰነ ገንዘብ) ይቀመጥበት።

ስለ ማሻሻያው ደግሞ መለኪያው አንድ ነው፦ ሊብሬው ላይ የተጻፈ ነገር ከተለወጠ መዝገቡም ይለወጣል። ሊብሬው ሻንሲ፣ ሞተር ቁጥር፣ ቀለም፣ የሲሊንደር መጠን፣ የመቀመጫ ብዛትና የመሳሰለውን ይይዛል። ቀለሟን ከነጭ ወደ ቀይ ሲቀቡ ባትላሜራው ጋ ከመሄድዎ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ያመልክቱ።

ሞላና ሾክ ሊብሬ ላይ የሉም፤ ያም ሆኖ ለቦሎ ምርመራ ትቀርባለች። ሞላ አስቆርጦ ማሳጠር ርካሽ ነው፣ መዘዙ ግን ብዙ ነው፦ ሞላው ይደርቃል፣ ሾኩ እስከ መጨረሻው ይመታል፣ መሪ ሲዞር ጎማው ላሜራ ይነካል። ለዚህች መኪና ተብሎ የተሠራ ሞላና ሾክ አራቱንም በአንድ ጊዜ ይግጠሙ፣ ከዚያ አላይመንት ያሠሩ፣ ደረሰኙንም ያስቀምጡ። ደረሰኙ ዋጋ የሚኖረው አደጋ የደረሰ ቀን ነው። ሰው ከሞተ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 543 የሚቀርበው ጥያቄ ቸልተኛ ነበሩ ወይ የሚል ነውና፣ የተቆረጠ ሞላ ራሱ ለዐቃቤ ሕግ ይመሰክራል።

ቸርኬው ባለ 5 ቡሎን፣ 100 ሚሊ ሜትር ነው። መነሻ ጎማዋ 195/60 አር15 ከሆነ 205/50 አር16 በዲያሜትር እጅግ ስለሚቀራረብ ፍጥነት መለኪያው አይዋሽም። ከላሜራው ወደ ውጭ የሚወጣ ጎማ ግን ምርመራ ላይ ያስቆማል። ማርሚታ ሲለውጡ ጭሱን የሚያጣራውን ካታላይዘር አያስወጡ፤ ድምፁም ጭሱም ያስቀጣል። ጥቁር የመስታወት ፊልም ባይነኩት ይሻላል፤ ትራፊክ ፖሊስ የሚያስቆምዎት በእሱ ነው።

2ዜድዜድ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ «ሁለቱም 1800 ናቸው፣ ምን ያስመዘግባል?» 1ዜድዜድ 1794 ሲሲ፣ 2ዜድዜድ 1796 ሲሲ ነው። ልዩነቱ ሁለት ሲሲ ቢሆንም ሞተር ቁጥሩ ፍጹም ሌላ ነው፤ ጉልበቱም ከ140 ፈረስ ገደማ ወደ 180 ይወጣል። ሞተሩን ከመግዛትዎ በፊት ዲክላራሲዮኑን፣ ወይም ከሌላ መኪና ከወጣ የዚያችን መኪና ሰነድና ሕጋዊ የሽያጭ ውል ይጠይቁ፤ ወረቀት የሌለው ሞተር ሊብሬ ላይ አይገባም። ኮምፒውተሩ፣ ሽቦውና ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮው አብረው ካልመጡም ሥራው ግማሽ ላይ ይቆማል። መጀመሪያ ማመልከቻ፣ ከዚያ ገጠማ፣ ከዚያ ምርመራና የመዝገብ ለውጥ ነው ቅደም ተከተሉ።

ሙሉ ሽፋን ኢንሹራንስ ካለዎት ለውጡን ለኩባንያው በጽሑፍ ያሳውቁ። አደጋውን የሚያከብድ ለውጥ የደበቀ ሰው ካሳ ሲጠይቅ የመጀመሪያው መልስ እሱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ለተጎጂው እንጂ ለእርስዎ ሴሊካ ጥገና አይከፍልም።

የወጣውን 1ዜድዜድ ለመሸጥ ከፈለጉ መጀመሪያ ሊብሬው ላይ አዲሱ ሞተር ቁጥር መግባቱን ያረጋግጡ። ከዚያ በጽሑፍ ውል፣ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የገዢውን መታወቂያ ይዘው ይሽጡት። በቃል የተሸጠ ሞተር ሰነድ በሌላት መኪና ላይ ተገጥሞ ቢያዝ፣ ቁጥሩ በፋይል ሲፈለግ የሚመጣው የእርስዎ ስም ነው።