በሶብላና ኮሰረት ውጭ አገር ሲደርቁ መዓዛቸው እንዳይጠፋ

ውጭ አገር በረንዳው ላይ በሶብላ የሚተክል ሰው በዝቷል። ዘሩ ይበቅላል፣ ተክሉም ያምራል፤ ችግሩ የሚመጣው ከተቆረጠ በኋላ ነው። የደረቀው ቅጠል ወይ ይጠቁራል ወይ ገለባ ገለባ ይሸታል፣ ሽሮ ውስጥ ቢገባም የገባ አይመስልም። ብዙ ሰው «የፈረንጅ አፈር ሽታውን ወሰደው» ብሎ ይተወዋል። አፈሩ ላይ አትፍረዱ። መዓዛው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ሲደርቅ ነው፣ አደራረቁን ደግሞ ማስተካከል ይቻላል።

አገር ቤት በሶብላ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ ስላየን ፀሐዩ ያደረቀው ይመስለናል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ከክረምቱ በኋላ ደጋው ላይ የሚነፍሰው ደረቅ አየር ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ወይም አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) በነሐሴ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ አየሩ ግን ውሃ የተሸከመ ነው፤ የእስራኤሎቹ ናታንያና አሽዶድም ከባሕሩ የተነሳ እንዲሁ ናቸው። እዚያ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቅጠል ይቀቀላል እንጂ ቶሎ አይደርቅም። ዴንቨር፣ ኢየሩሳሌም ወይም ቤርሼባ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ አንድ ጨለም ያለ ክፍል ይበቃችኋል።

የበሶብላ ሽታ ያለው በቅጠሉና በአበባው ላይ በተበተኑ ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው። ዘይቱ ሲሞቅ ይተናል። ቅጠሉ ሲታሽ ወይም ሲጨናነቅ ከረጢቶቹ ይፈነዳሉ፣ የተጎዳውም ቦታ ይጠቁራል። ብርሃን አረንጓዴውን ቀለም ያነጣዋል፣ ዘይቱንም ያበላሸዋል። ቶሎ ለማድረቅ ብለን የምናደርገው ነገር ሁሉ ከእነዚህ በአንዱ ይጎዳዋል።

የሚቆረጥበትን ጊዜ ምረጡ። ከአበባው ዘለላ ታችኛው ክፍል ፈክቶ ላይኛው ገና እንቡጥ ሲሆን መዓዛው ጠንካራ ነው፤ ዘር እስኪይዝ ከጠበቃችሁ ቅጠሉ እየሳሳ ይሄዳል። አቧራ ካለበት ከመቁረጣችሁ አንድ ቀን በፊት ተክሉን እንደቆመ በውሃ እጠቡት። በማግስቱ ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ፀሐዩ ሳይከር ቁረጡ። ቆርጦ ማጠብ ቅጠሉ ላይ ተጨማሪ ውሃ መጫን ስለሆነ ተዉት። አንድ ነገር ደግሞ አስቡ፦ በሶብላ ብርድ አይችልም። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መውረድ ሲጀምር ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚደርቀው አያምርም። ስለዚህ የአየር ትንበያውን እያያችሁ ቀደም ብላችሁ ሰብስቡ።

አምስት ስድስት ዘንግ ብቻ በአንድ ላይ ያዙና በላስቲክ እሰሩት። ግንዱ ሲደርቅ ስለሚቀጥን ክር ይላላል፣ ላስቲኩ ግን አብሮት ይጠብቃል። ትልቅ እስር መሃሉ አየር አያገኝም፤ ሻጋታ የሚጀምረው እዚያ ነው። ወደ ታች ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት፣ ጎኑ በተበሳ የወረቀት ከረጢትም ሸፍኑት። ከረጢቱ ብርሃኑን ይከላከላል፣ የሚረግፈውንም ቅጠልና አበባ ይይዝላችኋል።

ክፍሉ ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን፣ የአየሩ እርጥበትም ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። የእርጥበት መለኪያ ርካሽ ስለሆነ ግዙት፤ ያለ እሱ ግምት ነው። ቬንትሌተር ክፈቱ፣ ግን ወደ ግድግዳ አዙሩት፤ ክፍሉ ውስጥ አየሩ ይንቀሳቀስ እንጂ እስሩ ላይ በቀጥታ አይንፋ። እርጥበቱ ከ60 በላይ ከሆነ እርጥበት መምጠጫ ማሽን ወይም ኤሲ ያለበት ክፍል ፈልጉ። ዱባይ፣ ዶሃና ጅዳ ያላችሁ ኤሲው አየሩን ያደርቅላችኋል፤ ከቀዳዳው ፊት ለፊት ብቻ አትስቀሉት። ስቶክሆልምም ሆነ ሚኒያፖሊስ፣ በብርዱ ወራት ማሞቂያው አጠገብ ማድረግ አያስፈልግም። ወጥ ቤት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ የወጥ እንፋሎትና የሽንኩርት ሽታ ይጠጣል። እንዲህ ከተያዘ ከአምስት እስከ አሥር ቀን ይፈጃል።

ማድረቂያ ማሽን ያለው ሰው 35 ዲግሪ ላይ (በፋራናይት 95) ያድርገው። ኦቨን አይመከርም፤ የብዙ የአሜሪካ ኦቨን ዝቅተኛው ሙቀት 170 ፋራናይት፣ ማለትም 77 ዲግሪ ነው። ቤቱን ሁሉ ጥሩ ጥሩ ከሸተተው መዓዛው ከቅጠሉ እየወጣ ነው ማለት ነው። ማድረቂያ ቤት ገብታችሁ ሽታው ካወዳችሁ አትደሰቱ፣ ሙቀቱን ቀንሱ።

መድረቁን ለማወቅ ቅጠሉን አትመኑት። ቅጠሉ በሦስተኛው ቀን ይንኮሻኮሻል፣ የአበባው ዘለላ ግን መሃሉ ላይ ያለው ቀጭን ዘንግ ውሃ ይዞ ይቆያል። አንዱን ዘለላ ከወፍራሙ በኩል ጎንበስ አድርጉት። ከታጠፈ ገና ነው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ከ1 ኪሎ ትኩስ ቅጠል የሚተርፋችሁ 100 ግራም ገደማ ወይም ጥቂት በለጥ ያለ ስለሆነ ክብደቱ ሲቀል አትደንግጡ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ይመጣል። ቅጠሉንና አበባውን ሳትፈረፍሩ ከግንዱ ለዩና አፈ ሰፊ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ሙሉት፤ ክዳኑን ግጠሙና ጨለማ ቦታ አስቀምጡ። በማግስቱ እዩት። ከላይ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የነበረ ሁሉ ውሃውን ለጎረቤቱ ያካፍላል፣ ትናንት ይንኮሻኮሽ የነበረው ዛሬ ለስልሶ ይገኛል። መስታወቱ ላይ ላብ ካያችሁ ወይም ቅጠሉ ከለሰለሰ አውጥታችሁ እንደገና አንድ ቀን አድርቁት። ትንሿን የእርጥበት መለኪያ ብልቃጡ ውስጥ ብትከቱ ይበልጥ ይረጋገጣል፦ 55 በመቶና ከዚያ በታች ከሆነ ይቀመጣል፣ ከ65 በላይ ከሆነ በዚያው ሰዓት ይውጣ። የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ አሥር ደቂቃ ክፈቱትና ነቅነቅ አድርጉት። የሣሩ ሽታ በዚህ ጊዜ እየቀነሰ የበሶብላው ጎልቶ ይወጣል። ችኮላ ያለበት ሰው ከሁሉም ይልቅ ይህችን ሳምንት እንዳይዘል እለምናለሁ።

የሻገተ ካገኛችሁ የሻገተውን ለቅሞ ሌላውን መጠቀም የለም። አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፣ እሱን ደግሞ ማመስም መቀቀልም አያጠፋውም። ለልጆቻችሁ የምታበሉት ስለሆነ ብልቃጡን በሙሉ ድፉት።

ኮሰረት ከበሶብላ ይልቅ ታጋሽ ነው። ቅጠሉ ጠንከር ያለ ስለሆነ ቶሎ አይጠቁርም፤ ከነዘንጉ ይድረቅ፣ ከነዘንጉም ይቀመጥ። ተክሉን በበርሜል ወይም በማሰሮ የተከላችሁ ውርጭ ሳይመጣ ወደ ቤት አስገቡት። ጦስኝ ቅጠሏ ጥቃቅን ስለሆነች ብዙም አታስቸግርም። ጤና አዳም ግን ቅጠሉ ሲደርቅ ደካማ ነው፤ ለቡና የሚሆነውን ቅርንጫፍ በትንንሽ ከረጢት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፣ ለበርበሬ ፍሬውን ብቻ አድርቁ። ስትቆርጡት ጓንት አድርጉ፤ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ውሃም ያስቋጥራል።

ዘሩን ከአገር ቤት የምታስመጡ ደግሞ በጉምሩክ አስመዝግቡ፤ ለመትከያ የሚገባ ዘር በአሜሪካም በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም የተክል ጤና የምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል።

ሲቀመጥ ሳይፈጭ ይቀመጥ። የተፈጨ በሶብላ በጥቂት ወር ይደክማል፣ ሙሉው ግን በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አንድ ዓመት ይዘልቃል። ስስ ፌስታል ሽታውን ያሳልፋል፤ መስታወት ወይም በደንብ የሚገጥም ቆርቆሮ ይሻላል። ፍሪዘር ውስጥ ያቆያችሁት እንደሆነ ከወጣ በኋላ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አትክፈቱት፣ አለዚያ ጤዛ ይወርድበታል።

በርበሬ ስታዘጋጁ ሌላውን ቅመም ካመሳችሁ በኋላ በደንብ ይቀዝቅዝ፣ በሶብላው ሳይታመስ መጨረሻ ላይ ይግባ። የቡና መፍጫ የምትጠቀሙ ጥቂት ሰኮንድ እየፈጫችሁ አሳርፉት፣ ማሽኑ ሲግል ዱቄቱም ይግላልና። ቅቤ ስታነጥሩም ኮሰረቱን ቅቤው እየተንፈቀፈቀ ሳለ አትጨምሩ። ያ የሚንፈቀፈቀው ውሃው ነው፤ አረቄ ሲወጣ እንደሚሆነው እንፋሎቱ ሽታውን ይዞት ይወጣል። አረፋው ተገፎ፣ ድምፁ ጋብ ብሎ ቅቤው ጥርት ሲል እሳቱን ዝቅ አድርጉና ዘንጉን እንዳለ ክተቱት፤ ከዚያ አውርዳችሁ ክዳኑን ግጠሙ፣ ሞቅ እንዳለ አጥልሉት።